ከመክፈልዎ በፊት፦ የኦንላይን ሥራ ጥሪን መመዘኛ

በቴሌግራም የማያውቁት ሰው «ቤትዎ ሆነው በቀን ከ800 እስከ 2,000 ብር ያግኙ» ብሎ ይጽፍልዎታል። የአክስትዎ ልጅ ደውሎ «ቅዳሜ ስብሰባ አለ፣ እንዳይቀርብህ፤ ዝርዝሩን እዚያው ትሰማለህ» ይላል። የሥራ ባልደረባዎ ደግሞ በምሳ ሰዓት «ከመርካቶ ጫማ እያነሳን በቴሌግራም ብንሸጥስ?» ትላለች። የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ ስርቆት ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የሚያከስረው ዘግይቶ የገባውን ነው። ሦስተኛው እውነተኛ ሥራ ነው፤ ግን በደንብ ካልተሰላ ቀስ እያለ ገንዘብ ይበላል። ሦስቱንም የሚለየው ጥያቄ አንድ ነው፦ ገንዘቡ ከማን ኪስ፣ በምን ምክንያት ይወጣል?

ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ይህን ጥያቄ መልስ እስኪያገኝ ድረስ መጠየቂያ መንገዶች ናቸው። የሚያስፈልግዎ ደብተርና እስክሪብቶ፣ ኢንተርኔት ያለው ስልክ፣ የስልኩ ካልኩሌተር እና ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ቀናቱን አይናቁ። «ዛሬ ማታ ይዘጋል» የሚባል ዕድል ካጋጠመዎ ይዘጋ። በደህና ሥራ ውስጥ ሦስት ቀን ዘግይቶ የመጣ ሰው ገንዘብ ይዞ እስከመጣ ድረስ ተቀባይነት አያጣም። ጥድፊያው የሚጠቅመው እንዳይጠይቁ የሚፈልገውን ሰው ነው።

ደረጃ 1፦ ጥሪውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት

ደብተርዎ ላይ ይህን ይጻፉና ክፍት ቦታዎቹን ይሙሉ፦ «____ የሚባለው ሰው ____ ለማግኘት ሲል ____ ብር ይከፍላል፤ ከዚያ ውስጥ ____ ለእኔ ይደርሰኛል።»

የጫማው ሥራ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦ «ሰሚት ኮንዶሚኒየም የምትኖር እናት መርካቶ ድረስ ሳትንገላታ የልጇን ጫማ ለማግኘት ስትል 1,300 ብር ትከፍላለች።» ሰውዬዋ አለች፣ ችግሯ ይታወቃል፣ የምትከፍልበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ሥራው ያዋጣል ማለት አይደለም፤ ግን ሥራ ነው።

አሁን የቅዳሜውን ስብሰባ ይሞክሩት። ሲጻፍ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ይህ ነው፦ «አዲስ የሚገባ አባል እንደኔው ሌላ አባል የማምጣት መብት ለማግኘት ሲል ይከፍላል።» ከፋዩም እንደ እርስዎ ገቢ ፈላጊ ነው። ከውጭ የሚገባ ገንዘብ የለም።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ክፍት ቦታውን «ካምፓኒው»፣ «ሲስተሙ» ወይም «አፑ» ብሎ በመሙላት ነው። ከፋይ ማለት ገንዘቡን ወደ ስልክዎ የሚልከው አይደለም፤ ከኪሱ የሚያወጣው ነው። «ማስታወቂያ አስነጋሪዎች ይከፍላሉ» ከተባሉም አይቁሙ። ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢው የሚያካፍለው ለቪዲዮው ባለቤት እንጂ ለተመልካቹ አይደለም፤ ለባለቤቱም ቢሆን ቢያንስ 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት የታየ ቪዲዮ ወይም በአጫጭር ቪዲዮ ተመጣጣኝ ዕይታ ይጠይቃል። ታዲያ «ቪዲዮ ላይክ በማድረግ ብቻ» የሚከፈልዎ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ማስታወቂያ አስነጋሪ የሚፈልገው ዕቃውን የሚገዛ ሰው ነው። ተከፍሎት ላይክ የሚያደርግ ሰው አይገዛለትም።

«ሮቦቱ በክሪፕቶ ይነግድልዎታል» ለሚለውም ያው ነው። በቀን 3 በመቶ የሚያተርፍ ሮቦት ያለው ሰው የእርስዎን 5,000 ብር ምን ያደርግለታል? ቤቱን አስይዞ ከባንክ በዓመታዊ ወለድ ቢበደር ይሻለዋል።

ክፍት ቦታዎቹን መሙላት ካቃተዎ ጋባዡን ይጠይቁት። በሁለት ዓረፍተ ነገር መመለስ ካልቻለና «መጀመሪያ ግባ፣ ከዚያ ይገባሃል» ካለ፣ የቀሩትን ደረጃዎች ማንበብ አያስፈልግዎትም።

ደረጃ 2፦ የተባለውን ትርፍ በካልኩሌተር ይፈትኑት

«በቀን 1 በመቶ ብቻ» የሚለው ቃል ለጆሮ ትሁት ነው። ካልኩሌተሩን ያውጡ። ትርፉ ሳይወጣ እየተደመረ ከቀጠለ 10,000 ብር በአንድ ዓመት ወደ 378 ሺህ ብር ይጠጋል። በሁለት ዓመት ከ14 ሚሊዮን ብር ያልፋል። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ከ500 ሚሊዮን ብር በላይ ነው። ይህን የሚያደርግ ንግድ በምድር ላይ ቢኖር ኖሮ ባለቤቶቹ ከማንም ብር ሳይሰበስቡ ዓለምን በገዙት ነበር። ለንጽጽር፣ የኢትዮጵያ ባንኮች ለቁጠባ እንዲከፍሉ የተወሰነው ዝቅተኛ ወለድ በዓመት 7 በመቶ ነው። በሳምንት ውስጥ ያን ያህል የሚሰጥ ሰው ከየት እንደሚያመጣው ሊያስረዳዎ ይገባል።

ሁለተኛው ስሌት የሰው ስሌት ነው። «አምስት ሰው ብቻ አምጣ፣ እነሱም አምስት አምስት ያምጡ» ሲባሉ 5 በ5 እያበዙ ይቀጥሉ፦ 5፣ 25፣ 125፣ 625… በ12ኛው ደረጃ ላይ የሚያስፈልገው ሰው ከ244 ሚሊዮን በላይ ነው። የኢትዮጵያ ሕዝብ በሙሉ፣ የሚጠቡ ሕፃናት ሳይቀሩ ቢመዘገቡ አይበቃም። ሰንሰለቱ የግድ መሐል ላይ ይቆማል። ሲቆም ደግሞ ከሁሉም ደረጃዎች የሚበዙት መጨረሻ ላይ ያሉት ናቸው፤ ከፍለው ማንንም ያላገኙት። ይህ የዕድል ጉዳይ አይደለም፣ የማባዛት ውጤት ነው።

ጋባዡ «ይህ ፒራሚድ አይደለም፣ ኔትወርክ ማርኬቲንግ ነው፤ ምርት አለን» ሊል ይችላል። ምርት መኖሩ አይበቃም። መጠየቂያው ይህ ነው፦ ከዛሬ ጀምሮ አንድም አዲስ አባል ባይገባ፣ ምርቱን በዚህ ዋጋ የሚገዛ አባል ያልሆነ ሰው አለ? የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2016 ከኔትወርክ ማርኬቲንግ ኩባንያው ኸርባላይፍ ጋር በተስማማበት ጊዜ ኩባንያው 200 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ብቻ ሳይሆን፣ ለአባላቱ የሚሰጠውን ክፍያ በተረጋገጠ ሽያጭ ላይ እንዲመሠርት ያስገደደው ለዚህ ነው። በእኛም አገር የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የፒራሚድ ሽያጭን ከተከለከሉ ድርጊቶች ውስጥ አስገብቶታል። 800 ብር የሚያወጣ የጥርስ ሳሙናና ሻይ ቅጠል በ12,000 ብር ገዝተው «አባል» ከሆኑ፣ ልዩነቱን የከፈሉት ሌላውን የማምጣት መብት ለመግዛት ነው።

አሁን አሁን በእቁብ ስም የሚመጣም አለ። እቁብን ስለምናምነው ነው ስሙ የሚመረጠው። የእቁብ ሒሳብ ግን ግልጽ ነው፦ 20 ሰው በየወሩ 5,000 ብር ቢጥል ዕጣው 100,000 ብር ነው። የገባውና የወጣው እኩል ነው፤ ማንም ከጣለው በላይ አያገኝም፤ ዳኛ አለ፣ ቀድሞ የወሰደ ዋስ ይጠራል። «ዲጂታል እቁብ» ብሎ ከጣሉት በላይ እሰጣለሁ የሚል ካለ ትርፉ የሚመጣው ከሌላው ዕጣ ነው፤ እቁብ አይደለም።

«ግን እኮ ጎረቤቴ ወስዷል! በዓይኔ አይቻለሁ!» የሚለው ክርክር ብዙ ብልህ ሰዎችን ጥሏል። ጎረቤትዎ አልዋሸም። በመጀመሪያ የሚገቡት ይከፈላቸዋል፤ ካልተከፈላቸው ማን ያወራል? ያ ክፍያ የአጭበርባሪው የማስታወቂያ ወጪ ነው። የሚጋብዝዎ ሰውም አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አይደለም፤ የከፈለውን ለማስመለስ የሚሯሯጥ ዘመድ ነው። ለዚህም ነው «እሱ እንኳን አያታልለኝም» የሚለው እምነት እዚህ ላይ የማይሠራው። የሚመዝኑት ሒሳቡን እንጂ የዘመድዎን ልብ አይደለም።

ደረጃ 3፦ ድርጅቱ መኖሩን፣ የተፈቀደለትንም ሥራ ያረጋግጡ

ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን) እና የንግድ ፈቃድ ይጠይቁ። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢትሬድ ድረ ገጽ ላይ የቲን ቁጥሩን አስገብተው ፈቃዱ በማን ስም እንደሆነና በምን ዘርፍ እንደተሰጠ ማየት ይችላሉ። ቢሮ ሄዶ መሰለፍ አያስፈልግም።

ብዙ ሰው የፈቃዱን ፎቶ አይቶ ይረካል። ዋናው ነገር ግን ፈቃድ መኖሩ ሳይሆን ለምን እንደተሰጠ ነው። «አጠቃላይ አስመጪና ላኪ» ወይም «የሶፍትዌር ልማት» የሚል ፈቃድ ከሕዝብ ገንዘብ ለመሰብሰብ አያስችልም። ከሕዝብ ተቀማጭ መቀበል የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ይጠይቃል። አክሲዮንና ኢንቨስትመንት ለሕዝብ ማቅረብ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 በተቋቋመው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ሥር ነው። «ኢንቨስት አድርጉ» የሚል ሁሉ ከሁለቱ አንዱን ማሳየት አለበት።

ድርጅቱ የውጭ ነኝ ካለ ሦስት ነገር ያድርጉ። መጀመሪያ የድረ ገጹን አድራሻ በአይካን (ICANN) የመፈለጊያ ገጽ ላይ አስገብተው የተመዘገበበትን ቀን ይዩ፤ በነፃ ነው። «ላለፉት 12 ዓመታት በ40 አገሮች» የሚል ድርጅት ድረ ገጹ ከተመዘገበ አራት ወሩ ከሆነ ውይይቱ አልቋል። ቀጥለው የ«ሥራ አስኪያጁን» ፎቶ በጉግል ሌንስ ይፈልጉት፤ የፎቶ መሸጫ ገጽ ላይ በሌላ ስም የሚገኝበት ጊዜ ትንሽ አይደለም። በመጨረሻም የእንግሊዝ አገር የምዝገባ ምስክር ወረቀት ካሳዩዎት አይደነቁ፤ እዚያ ኩባንያ ማስመዝገብ በኦንላይን በጥቂት ገንዘብ የሚያልቅ ነገር ነው። የሰው ገንዘብ ለማስተዳደር የሚሰጠው ፈቃድ ሌላ ነው፤ እሱም በአገሪቱ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን መዝገብ ላይ በስም ይፈለጋል። ያው ባለሥልጣን የማስጠንቀቂያ ዝርዝርም ያወጣል።

አሜሪካ የምትኖር እህትዎ «እዚህ ቢዝነስ ኦፖርቹኒቲ አገኘሁ፣ አብረን እንግባ» ካለችዎ አንድ ነገር ይንገሯት። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፌዴራል ደንብ እንዲህ ዓይነት የሥራ ዕድል የሚሸጥ ሰው፣ ገዢው ከመፈረሙም ሆነ ከመክፈሉ ቢያንስ 7 ቀን በፊት አንድ ገጽ የመግለጫ ሰነድ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ሰነዱ ሻጩ ማን እንደሆነ፣ ተከስሶ እንደሆነ፣ ስለ ገቢ የሚናገር ከሆነም ይህን የሚገልጽ ነው። ስለ ገቢ ከተናገረ ማስረጃውን በሚጠየቅበት ጊዜ ማቅረብ አለበት። ሰነዱን ትጠይቅ። ዲሲም ትሁን ዳላስ፣ ሰነድ የሌለው ሰው ገንዘቧ አይገባውም።

ደረጃ 4፦ ለመከፈል አይክፈሉ

ይህኛው አጭር ነው። ደመወዝ ለመቀበል «ማስያዣ»፣ ያገኙትን ለማውጣት «ታክስ»፣ ሒሳብዎን ለማስከፈት «የቪአይፒ ደረጃ» የሚጠይቅ ሥራ የለም። በስክሪኑ ላይ 86,000 ብር ተጽፎ ቢያዩ እንኳን ቁጥር ነው፤ ብር የሚሆነው እርስዎ ሒሳብ ውስጥ ሲገባ ነው። ግብር ለገቢዎች ይከፈላል እንጂ በቴሌግራም ለተዋወቁት ሰው አይላክም።

የሚስጥር ቁጥርዎን፣ በስልክዎ የሚመጣውን የማረጋገጫ ኮድና የመታወቂያዎን ፎቶ አይስጡ። በተለይ «ሒሳብህን አከራየን፣ ገንዘብ ገብቶ ይወጣበታል፣ ኮሚሽን ታገኛለህ» የሚለውን ይሽሹ። የተዘረፈ ገንዘብ በስምዎ ካለፈ መጀመሪያ የሚጠሩት እርስዎ ነዎት።

ደረጃ 5፦ እውነተኛ ሥራ ከሆነ፣ የአንዱን ዕቃ ሒሳብ ይሥሩ

እስከዚህ የደረሰ ሐሳብ ከፋይ ያለው ሐሳብ ነው። አሁን የሚጠየቀው ያ ከፋይ የሚያወጣው ብር እርስዎ ጋር ሲደርስ ስንት እንደሚቀረው ነው። ብዙ የቴሌግራም ሱቅ የሚዘጋው ገዢ አጥቶ አይደለም፤ እየሸጠ ሲከስር ሳያውቀው ነው።

ጫማውን እንውሰድ። ከመርካቶ በ900 ብር ተገዝቶ በ1,300 ብር ይሸጣል እንበል። «400 ብር ትርፍ!» ብለው አይቸኩሉ። ከመርካቶ የማምጫው ትራንስፖርት ሲካፈል ለአንድ ጫማ 25 ብር፣ ፌስታሉና ካርቶኑ 15 ብር፤ ቀሪው 360 ሆነ። «ዴሊቨሪ በነፃ» ብለው ካስነገሩ ሞተረኛው 150 ብር ይወስዳል፤ ቀሪው 210 ሆነ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። አያቁሙ። ከአሥር ትዕዛዝ ሁለቱ በር ላይ «ቀለሙ አልወደድኩትም» ተብለው ቢመለሱ፣ ወይም ስልክ ተዘግቶ ሞተረኛው ቢመለስ፣ የመሄጃና የመመለሻ 300 ብር በአንዱ፣ 600 ብር በሁለቱ ይጠፋል። የተሸጡት ስምንቱ 1,680 ብር አምጥተዋል። 600 ሲቀነስ 1,080። እነዚያን አሥር ትዕዛዞች ለማግኘት 500 ብር ለማስታወቂያ፣ 200 ብር ለዳታና ለስልክ ወጥቶ ከሆነ የቀረው 380 ብር ነው። በስምንቱ ሲካፈል በአንድ ጫማ ከ48 ብር በታች። እርስዎ ሙሉ ሳምንት መልእክት ሲመልሱ የዋሉበት ጊዜ ገና አልተቆጠረም።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፦ የዴሊቨሪውን 150 ብር ደንበኛው በቀብድ ይላክ። ስምንቱ ጫማዎች 2,880 ብር ያመጣሉ፤ ለሁለቱ ተመላሾች የመመለሻውን 300 ብር ብቻ ይሸፍናሉ፤ ማስታወቂያውና ዳታው ሲቀነስ 1,880 ብር ይቀራል፣ በአንድ ጫማ 235። ዕቃው ያው፣ ዋጋው ያው። በእርግጥ ቀብድ ሲባሉ የሚሸሹ ደንበኞች ይኖራሉ፤ ትዕዛዝዎ ከአሥር ወደ ሰባት ሊወርድ ይችላል። ይውረድ። በቀብድ የሚሸሸው ሰው ብዙውን ጊዜ በር ላይ የሚሸሸው ሰው ነው።

የእርስዎን ዕቃ በራስዎ ቁጥሮች እንዲህ ይሥሩት፤ የእኔን ቁጥሮች አይቅዱ። ሁለት ነገር አይርሱ። የግዢ ዋጋው የዛሬ እንጂ ያለፈው ወር መሆን የለበትም፤ ብር ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ በሳምንታት ሊቀየር ይችላል። ሻጭ በአሮጌ ዋጋ ሸጦ በአዲስ ዋጋ ሲተካ ትርፍ ያገኘ እየመሰለው ዕቃው ያንስበታል። ሌላው ግብር ነው። ንግድ ፈቃድ የሚያስፈልገው ሱቅ ላላቸው ብቻ የሚመስላቸው አሉ፤ በቴሌግራም መሸጥም ንግድ ነው። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የሚመዘገቡ ከሆነ 15 በመቶው ከዋጋዎ ውስጥ መታሰብ አለበት።

ደረጃ 6፦ ዕቃ ከመደርደርዎ በፊት ገዢ መኖሩን ይፈትኑ

መቶ ጫማ ገዝቶ ገዢ መፈለግ የተለመደው አካሄድ ነው፤ የተገላቢጦሹ ይሻላል። ከነጋዴው ጋር ተነጋግረው አምስት ስድስት ዓይነት ጫማ በራስዎ ስልክ ፎቶ ያንሱ። ከኢንተርኔት የወረደ ፎቶ አይጠቀሙ፤ ደንበኛው ፎቶውን አምኖ ሌላ ዕቃ ሲቀበል ተመላሽዎ ይበዛል፣ አሳሳች ማስታወቂያም በሕግ የተከለከለ ነው። ዋጋውን፣ ቁጥሩን፣ የት እንደሚደርስ በግልጽ ይጻፉ። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለው ልማድ ለምን እንደሚወደድ አይገባኝም። ዋጋ ለመጠየቅ የሚያፍር ሰው አለ፤ ጠይቆ የሚጠፋም አለ፤ ሁለቱም ጊዜዎን ይወስዳሉ።

ከዚያ ሦስት ቁጥር ይመዝግቡ፦ ስንት ሰው አየ፣ ስንት ጠየቀ፣ ስንት ቀብድ ላከ። የሚቆጠረው ሦስተኛው ነው። «በጣም ያምራል!» የሚል አስተያየትና የዘመድ ላይክ ከፋይ አይደሉም። 500 ሰው አይቶ 40 ጠይቆ አንድም ካልላከ ችግሩ ከዋጋው ወይም ከእምነቱ ነው። 500 አይቶ ሁለት ብቻ ከጠየቀ ግን የሚመረመረው ፎቶው ወይም ፎቶው የደረሰው ሰው ነው። መድኃኒቱ ስለሚለያይ ሳይለዩ ማስታወቂያ ላይ ብር አያፍስሱ።

የሌላ ሰው የቴሌግራም ቻናል ላይ ማስታወቂያ ሲገዙ የአባላቱን ቁጥር ይርሱት። አባል በገንዘብ ይገዛል። ይልቅ የመጨረሻዎቹን አሥር ፖስቶች ከፍተው ከእያንዳንዱ ሥር ያለውን የዕይታ ቁጥር ይዩ። 40,000 አባል ያለው ቻናል አንድ ቀን የቆየ ፖስቱ 600 ዕይታ ካለው፣ የሚገዙት 600 ሰው ነው፤ ዋጋውንም በዚያ ይከራከሩ። ለጥቅል ከመክፈል በፊት አንድ ፖስት ብቻ ይሞክሩ። የራስዎ ቻናል ካለዎ ደግሞ ቴሌግራም ለየማስታወቂያው የተለየ የመጋበዣ ሊንክ እንዲፈጥሩ ይፈቅዳል፤ በየትኛው ሊንክ ስንት ሰው እንደገባ ያሳይዎታል። ለሦስት ቻናል ሦስት ሊንክ ይስጡ። በሚቀጥለው ሳምንት ለማን እንደሚከፍሉ ይነግርዎታል።

ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ ለማስነገር ካሰቡ መጀመሪያ የሜታን የማስታወቂያ ቤተ መዝገብ ይክፈቱ። ለሁሉም ክፍት ነው፤ የተፎካካሪዎን ገጽ ስም ጽፈው አሁን የሚያስነግረውንና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ማየት ይችላሉ። ለወራት ሳይቋረጥ የቆየ ማስታወቂያ ምናልባት እየሸጠ ነው። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሚፈጸም ብዙ ሰው በእሱ ፈንታ በሚከፍል ሰው (በአስከፋይ) በኩል ያልፋል። ለአስከፋዩ የገጽዎን የይለፍ ቃል ፈጽሞ አይስጡ፤ በቅንብሩ ውስጥ የማስታወቂያ ሥራ ብቻ የሚሠራበት ድርሻ መስጠት ይቻላል። የዶላሩንም ሒሳብ አስከፋዩ በሚጠይቅዎ የዕለቱ ዋጋ ያስሉ፤ በደረጃ 5 ላይ ያለው የማስታወቂያ ወጪ የሚሰላው በዚያ ነው።

ደረጃ 7፦ ሲሸጡ ብሩ መግባቱን ራስዎ ይዩ

የተላከልዎ ስክሪንሾት ደረሰኝ አይደለም፤ በደቂቃ ይሠራል። ከባንክ የመጣ የሚመስል አጭር መልእክትም እንደዚያው። በቴሌብር ከተከፈለዎ በመተግበሪያው ወይም በ*127# ገብተው ሒሳብዎን ይመልከቱ፤ የባንክ ከሆነ የባንኩን መተግበሪያ ይክፈቱ። ሞተረኛውን «ገብቷል» ሳይሉ ዕቃውን እንዳይሰጥ ያስጠንቅቁ። ደንበኛው ቢቆጣ ይቆጣ፤ ሁለት ደቂቃ ነው። ለሱቁ የተለየ ሒሳብ መክፈትም ይመከራል። የጫማው ብር ከቤት አስቤዛ ጋር ከተቀላቀለ በደረጃ 5 የሠሩት ሒሳብ በተግባር መቼም አይታይም።

ደረጃ 8፦ የሚያቆሙበትን ቀንና መጠን አስቀድመው ይጻፉ

ደብተሩ ላይ ሁለት መስመር ይጨምሩ፦ «ቢጠፋ ኑሮዬን የማያናጋው ____ ብር ነው። እስከ ____ ድረስ ____ ትዕዛዝ ካልመጣ አቆማለሁ።» ይህን ከመጀመርዎ በፊት የሚጽፉት፣ ከጀመሩ በኋላ ስለማይጽፉት ነው። ብር የገባበት ነገር ላይ ሁሉም ሰው ጠበቃ ይሆናል። መጠኑ ከቤት ኪራይ፣ ከልጆች ትምህርት ቤት ክፍያና ከብድር መምጣት የለበትም። አረብ አገር ካለች እህት የተላከ ብርም የእርስዎ «የሙከራ ገንዘብ» አይደለም፤ ለምን እንደላከችው እሷን ይጠይቁ።

ቀኑ ሲደርስ ቁጥሩን ይዩ። ከሞላ መጠኑን በትንሹ ይጨምሩ፣ እጥፍ አያድርጉት። ካልሞላ በደረጃ 6 ካሉት ሦስት ቁጥሮች የትኛው እንደወደቀ አይተው አንዱን ቀይረው አንድ ጊዜ ብቻ ይድገሙ።

አስቀድመው ለከፈሉ

ይህን የሚያነቡት ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ከሆነ መጀመሪያ ተጨማሪ አይላኩ፤ «የቀረውን ከከፈልክ ሁሉም ይለቀቃል» ቢባሉም። ቻናሉ ወይም ግሩፑ ሳይጠፋ የሁሉንም ውይይት ስክሪንሾት ያንሱ፤ የተቀባዩን ስም፣ የሒሳብና የስልክ ቁጥር፣ የዝውውሩን መለያ ቁጥርና ሰዓት በወረቀት ይገልብጡ። እነዚህን ይዘው በዚያው ቀን ወደ ባንክዎ ወይም ወደ ቴሌብር አገልግሎት ማዕከል ይሂዱ፤ ገንዘቡ ከተቀባዩ ሒሳብ ገና ካልወጣ ለማስታገድ ያለው ዕድል በሰዓታት ይለካል። ቀጥሎ ፖሊስ ጋር ያመልክቱ፤ የመዝገብ ቁጥር ይቀበሉ። የጋበዙት ሰው ካለ ዛሬውኑ ይደውሉለት፤ አሳፋሪ ቢሆንም እሱ ገና ሁለተኛውን ክፍያ አልላከ ይሆናል።

በሳምንታት ውስጥ ደግሞ ሌላ ሰው ሊደውል ይችላል። ጠበቃ፣ የሳይበር ባለሙያ ወይም የ«ኢንተርፖል» ሠራተኛ ነኝ ይላል፤ የጠፋብዎን መጠን እስከ ብሩ ያውቃል፤ ለማስመለስም ጥቂት የአገልግሎት ክፍያ ይጠይቃል። መጠኑን ያወቀው ስምዎ ያለበት ዝርዝር ከአንዱ አጭበርባሪ ወደ ሌላው ስለሚሸጥ፣ ወይም ራሱ ሰውዬው ስለሆነ ነው። ቁጥሩን ይመዝግቡና ፖሊስ ጋር ባለው መዝገብዎ ላይ እንዲያያዝ ያድርጉ።